ሞኒተር ታቅፌ ለቅሶ ቤት

ሰው ዘወር ብሎ ከሚስቅብኝ እኔው ልንገራችሁና ፊት ለፊት ሳቁብኝ። ብቻ አደራችሁን፣ ሐሙሲት ዘመድ ያላችሁ ሰዎች እዚያ ወስዳችሁ እንዳታነቡት። እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ ሳልፍ ፊቴን ከሚኒባሱ መስኮት አዙሬ ነው የማልፈው።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ ከዩኒቨርሲቲው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለቻት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻና የኪራይ ውል ስትጽፍ ትከርማለች፤ ሱቋን የሚያቆማት ግን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙበት ሰሞን ነው። ያ ሰሞን ካመለጣት ሱቁ ይዘጋል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ አከራይዋም ያውቃል።

ታዲያ ኮምፒውተሯ የሞተው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ጧ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ በቃ። ይታይሽ ባለሙያ እንጥራ አለች። እኔ ምን አልኩ? "እኔ እያለሁ?" አልኩ። ይህች "እኔ እያለሁ" የምትባል ቃል ከአፌ በወጣች ቁጥር ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ይበላሻል። በውሃ ቧንቧውም ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ጎረቤት ድረስ ነው የጎረፈው።

የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው ብዬ ፈረድኩ። መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያድለው ቆርቆሮ ሳጥን ማለቴ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ያገለገለ አለኝ ከሚል ፈገግተኛ ሰውዬ ገዛሁ። ሰውዬው አቅፎ ስሞኝ የልጆቼን ጤና፣ የእናቴን ጤና፣ የከብቶቻችንን ጤና ጭምር ጠየቀኝ። ከብት የለንም። እንዲህ ያለውን ሰው "እስቲ ፈተህ አሳየኝ" ማለት ነውር መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ውስጡ ተነቅሎ አልቋል፤ ክብደት እንዲኖረው አንድ ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ገብቶበታል። ይታይሽ አልተቆጣችም። ድንጋዩን አነሳችና ነፋስ እንዳይዘጋው የሱቋን በር አስደገፈችበት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ሁሉ በዚያ ድንጋይ እየተደናቀፈ "ይቺን ደግሞ ማን አመጣት?" ይላል፤ እሷ ወረቀቷን ታስተካክላለች፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ማመን ተውኩ። በስልኬ ላይ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን እያየሁ አመሽ ጀመር። አንዱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ልጅ "የሻጭ አፍ አትስሙ፤ ዕቃው ሲሠራ በዓይናችሁ እዩ" ሲል የነገረው ለእኔ ብቻ መሰለኝ። በርቶ ሲሠራ ይታይ፤ ማራገቢያው ይደመጥ፤ ሳጥኑ እንዳይግል በእጅ ይዳሰስ፤ ከሁሉም በላይ ራሙ ይታይ። ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ነገሮችን የሚይዝበት ነው፤ ካነሰ ኮምፒውተሩ ይንቀረፈፍና የሰው ዕድሜ ይጨርሳል። አራት ጊጋውን ራም ስምንት ነው ብሎ መሸጥ የአጭበርባሪዎች የዘወትር ሥራ እንደሆነም ያ ባለኮፍያ ነገረኝ። እኔም ማልኩ፤ ከእንግዲህ በዓይኔ ሳላይ ብገዛ ይታይሽ ያን ድንጋይ ታሸክመኝ አልኩ።

ቴሌግራም ላይ ስፈልግ ሐሙሲት ውስጥ ደመቀ የሚባል ልጅ ሙሉ ሲፒዩ፣ ዋናውን የኮምፒውተር ሳጥን፣ ሊሸጥ እንደሆነ አየሁ። ደወልኩለት። ተመርቆ ሥራ ሊፈልግ ራቅ ወዳለ አገር መሄዱ ነው፤ ሞኒተሩን ቀድሞ ሸጦታል፤ የቀረው ሳጥኑ ብቻ ነው። "ራሙ ስምንት ጊጋ ነው፣ መምህር፤ መጥተው አብርተው ይዩት" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ለስላሳነቱን ጠረጠርኩት። ያም ባለድንጋዩ ለስላሳ ነበር።

ለቅዳሜ አባቱ ቤት ተቀጣጠርን። ማያ ከሌለው በምን አይቼ ልፈትሽ? ስለዚህ የይታይሽን ሞኒተር ነቀልኩ፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ከነገመዳቸው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ይታይሽ ሞኒተሩ የመንገድ አቧራ እንዳይገባበት በነጭ ነጠላዋ ደህና አድርጋ ጠቀለለችልኝና "አደራ፣ የቀረችኝ እሷው ናት" አለችኝ። እንደ ሕፃን ታቅፌው ወደ ባሕር ዳር ከሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ለሞኒተሩም እንደ ሰው ክፈል ብሎኝ እስከ ወረታ ተጨቃጨቅን።

ወረታ ስንደርስ ለደመቀ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ፤ ዝግ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። "አገኘሁህ" አልኩ በልቤ። እስከ ሐሙሲት ድረስ የማወርድበትን የስድብ ዓይነት ስመርጥ ነው የሄድኩት። እኔ መምህር ነኝ፣ ስድቤም የተማረ ሰው ስድብ እንዲሆን ስለፈለግኩ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሐሙሲት ወርጄ ባጃጅ ያዝኩና የደመቀን አባት ቤት ታውቃለህ ወይ አልኩት ባለባጃጁን። እኔን አየ፣ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለውን ነገር አየ፣ የከፈተውን ዘፈን ዘጋ። ስንደርስ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። አሃ፣ ይሄም የእሱ ግብረ አበር ነው ብዬ ታርጋውን በቃሌ ያዝኩ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አጭበርባሪው ደግሞ ይደግሳል እንዴ ብዬ፣ በንዴት ሞኒተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ በሩን አለፍኩ። ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ሰዎቹ ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው መቀመጣቸውን ያየሁት። ወደ ኋላ ልመለስ ስል አንዲት ሴትዮ አየችኝ።

"ፎቶው መጣ!" ብላ ጮኸች።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። የደመቀ አባት አያ ፈንታሁን በድንገት ታመው አርፈው ትናንት ነው የተቀበሩት። ፎቶግራፋቸውን አሳድጎ፣ በመስታወት አስገብቶ የሚያመጣ የእህታቸው ልጅ ከባሕር ዳር እየተጠበቀ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ አራት ማዕዘን ነገር በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ፊቱ ተለዋውጦ የሚገባ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ድንኳኑ በአንድ እግሩ ቆመ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ወደ እኔ መጡና ሞኒተሩን ያዙት።

እኔ ደግሞ አለቅም አልኩ። የይታይሽ አደራ ነዋ። እነሱ ይጎትታሉ፣ እኔ እጎትታለሁ። የማልለቀው ከሐዘን ብዛት መሰላቸውና ሁለት ጎልማሶች በብብቴ ገብተው ይዘው "ልቀቅ ወንድሜ፣ ጠና በል፣ ምን ይደረጋል" እያሉ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። እንባዬ መጣ። እውነተኛ እንባ ነው፤ ሞኒተሩ ሊወድቅ ነው ብዬ ነው። ሲያዩኝ ለቅሶው ባሰ።

ሞኒተሩን ተሸክመው ከፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የሟቹ ታላቅ እህት እየተንሰቀሰቁ ነጠላውን ገለጡ። ጥቁር መስታወት። ጎንበስ ብለው ሲያዩ የራሳቸውን ፊት አዩና ለቅሷቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ጭራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ዞር ዞር አድርገው ተመለከቱትና "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ፤ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ከነቦርሳዬ እገባ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ከቤት ወጣ። ቦርሳዬን አየና ገባው። ቀስ ብሎ መጥቶ "መምህር ነዎት?" አለኝ። አዎ አልኩ። ስልኩን ከቀብሩ ጀምሮ እንደዘጋው፣ የእኔ ቀጠሮ ፈጽሞ ከሐሳቡ እንደጠፋ ነግሮኝ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ስላለፋኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። አባቱን የቀበረ ልጅ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ እስከ ሐሙሲት ስመርጥለት የመጣሁት ስድብ ገና ምላሴ ላይ ነበር።

ልሂድ እኔ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብዬ ሞኒተሬን ላነሳ ስል ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። ፎቶ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ፎቶው ዛሬ አይደርስም። የሟች ሚስት፣ የደመቀ እናት፣ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መልካቸውን ሳላይ ልውል ነው እንግዲህ" አሉ። አያ ፈንታሁን ፎቶ መነሣት የማይወዱ ሰው ነበሩ አሉ። ደህናው ፎቷቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጃቸው በተመረቀ ዕለት የተነሡት፣ በደመቀ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው።

ደመቀ ሞኒተሩን አየ፤ ቦርሳዬን አየ።

"ገመዱን ይዘዋል መምህር?" አለኝ።

ይዣለሁ አልኩ። ማውሱንም? እሱንም። ሲፒዩውን ከጓዳ አወጣው። ጎረቤት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከሱቃቸው ኤክስቴንሽን አምጥተው በመስኮት አሾልከው መብራት ሳቡልን። ሰካን፤ በራ፤ ደመቀ ፎቶውን ከፍቶ የማያው ዳራ አደረገው። አያ ፈንታሁን የልጃቸውን የምረቃ ቆብ በእጃቸው ይዘው፣ ፈገግ ሊሉ ጀምረው ሳይጨርሱት፣ ማያውን ሞልተው ብቅ አሉ። የደመቀ እናት እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ጉንጭ ዳሰሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ይህኛው ግን ስለ ሞኒተር አልነበረም። እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደግ ሰው መስዬ እቀር ነበር።

ሕዝቡ ይመርቀኝ ጀመር። ከደብረ ታቦር ድረስ ማያ ታቅፎ ለቅሶ የደረሰ መምህር ተብሎ ወሬው ከአግዳሚ አግዳሚ ዞረ። ባለጭራው ሽማግሌ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ፤ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ማውሱ ፊት ለፊት። ኧረ አይሆንም ብል ማን ይስማኝ። ማያው ደግሞ ትንሽ ከቆየ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ ሲጠፋ "ሄዱ! ዳግመኛ ሄዱ!" ተብሎ ድንኳኑ ተናወጠ። ማውሱን ነካ ሳደርገው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ አያ ፈንታሁን እንዳይጠፉ ማውሱን እየነካኩ መቀመጥ የእኔ ሥራ ሆነ።

እንግዲህ እጄ ማውስ ላይ ነው። ጉልበቴ ሳጥኑን ነክቶታል። አይግልም። እኔ ምን ላድርግ፣ ጉልበቴ ራሱ ነው የፈተሸው። ትንሽ ቆይቼ በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል፣ ጤናማ ነው። አንዲት አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ እኔ ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አዘንብዬ ማራገቢያውን አዳምጣለሁ። ድምፁ የተስተካከለ ነው፤ አያንኳኳም። ከጎኔ ያለው ሰው በሐዘን የተዘነበልኩ መስሎት ትከሻዬን ደገፈልኝ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ዕቃው አንዴም አልደነገጠም። እንዲህ ያለ ፍተሻ ያ ባለኮፍያም አላደረገም።

ራሙ ብቻ ቀረ።

ራሴን ገሠጽኩት። ሰው ለቅሶ ላይ ነው፣ አንተ አውሬ ነህ ወይ አልኩት። ግን ዓይኔ ላይ ያ ድንጋይ ይመጣብኛል። ይታይሽ ዝም ብላ በሩን ስታስደግፍ ትመጣብኛለች። ደግሞ ማያው በራሱ ጊዜ የሚጠፋውን ነገር ማስተካከል አለብኝ፤ ይህ ለእነሱም ጥቅም ነው አልኩ። ሰይጣን እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ቅን ሥራ ያስይዝሃል። ገብቼ አስተካከልኩት፤ አሁን አይጠፋም። እጄን ማንሣት ነበረብኝ። በዚያው ቅጽበት ከይፋግ የመጡ ለቀስተኞች በበሩ ገቡና ሰው ሁሉ ሊቀበላቸው ዞረ። ማን ያየኛል ብዬ ያችን ኮምፒውተሩ ስንት ራም እንዳለው የምትናገረዋን ሰሌዳ ከፈትኳት።

ሰሌዳዋ መጥታ አያ ፈንታሁን ፊት ላይ ድፍን አለች። ዓይናቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ያን ያልጨረሱትን ፈገግታ ሸፈነችው፤ የቀረው አናታቸውና የምረቃ ቆቡ ብቻ ነው። ልዘጋት ስቸኩል ማውሱ ከእጄ አምልጦ ከጠረጴዛው ወደቀ። ከይፋግ የመጡት እንግዶች "ወየው" እያሉ ሊሳለሙ ወደ ፎቶው ሲዞሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ገጠማቸው። ለቅሶው ቆመ። የሚሰማው ያ የተስተካከለ ማራገቢያ ብቻ ሆነ።

የደመቀ እናት ቀና ብለው አዩኝ። "ምን ይላል ልጄ፣ የተጻፈው?" አሉ።

"ነፍስ ይማር ነው የሚለው፣ እናቴ" አልኩ።

"አሜን" አለ ድንኳኑ በሙሉ። ባለጭራው ሽማግሌ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ። ሐጂም አሜን አሉ። እንግዶቹ ሰሌዳዋን ተሳለሙ።

ማውሱን ከወደቀበት ያነሣልኝ ደመቀ ነበር። ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ሰሌዳዋን ዘጋት፤ አባቱ ተመለሱ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፦

"ስምንት ነው መምህር፤ እንደነገርኩዎት" አለኝ።

አልተቆጣም እኮ። ቢቆጣ፣ ቢገፈትረኝ፣ ከድንኳን ቢያስወጣኝ አመሰግነው ነበር። ማውሱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና እንግዳ ሊያስተናግድ ሄደ። እኔም እስከ ማምሻው ድረስ ማውሱን እንደ ፍም እየፈራሁት፣ ከአያ ፈንታሁን ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጠን ተቀመጥን። ስነሣ ሞኒተሩን ልውሰድ ማለት ከየት ይመጣል? እስከ ሣልስቱ ይቆይ አልኩ። ነጠላውንም፣ ኪቦርዱንም ትቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። እስከ መንገዱ ድረስ በምርቃት ሸኙኝ፤ ያ ባለባጃጅ ሲመለስም አላስከፈለኝም።

ይታይሽ ሱቋ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሳጥን የለም። ሞኒተር የለም። ነጠላዋ የለም። ወደ ድንጋዩ ዞር ብላ አየችና "ዛሬስ ድንጋይም አልሰጡህ?" አለችኝ። ለቅሶ ቤት ገጥሞኝ፣ ፎቶ አጥተው ሲጨነቁ ትቼላቸው መጣሁ አልኳት። የሰሌዳዋን ነገር ዘለልኩት። ሱቋ እየተዘጋባት ያለች ሴት ናት፤ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላና "ደግ አደረግህ፤ አንተን ያገባሁት ለዚህ ነው" አለችኝ። በዚያ ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የተኛሁት፤ ፊቴን እንዳታየኝ።

በቀጣዮቹ ቀናት ተማሪዎች እየመጡ፣ ኮምፒውተር የለም ሲባሉ ወደ ሌላ ሱቅ እየሄዱ፣ ይታይሽም ኮፒ ማሽኗ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ሰንብታ፣ ከሣልስቱ በኋላ ደመቀ መጣ። ጥቁር ለብሷል። ሞኒተሩን በታጠበ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ሲፒዩውን በማዳበሪያ ከቶ በሚኒባስ ይዞት መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ያብሩት መምህር፤ እንደልብዎ ይፈትሹት" አለኝ።

"አያስፈልግም" አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

"ሳታየው ልትገዛ ነው?" አለች ይታይሽ፤ ዓይኗ ወደ በሩ ድንጋይ ሄደ።

አሁን አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደመቀ ግን ወደ እሷ ዞሮ "አይተውታል እኅቴ። አባቴን ደግሞ ከዘመድ አብልጠው አልቅሰውልኛል፤ እናቴ በጸሎቷ አትረሳቸውም" አላት። ይታይሽ በኩራት እጄን ያዘችኝ። ያ እጅ ማውሱን የያዘው እጅ ነበር።

ስናበራው አያ ፈንታሁን ከነቆቡ ብቅ አሉ። ደመቀ ፎቶውን ለራሱ እንደቀዳው፣ ብናጠፋው ቅር እንደማይለው ነገረን። ይታይሽ ማን ነው የሚያጠፋቸው ብላ ተቆጣች። እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ተማሪው ደጅ ድረስ ተሰለፈ፤ የመመረቂያው ሰሞን አላመለጣትም፤ ሱቁም ዛሬ ክፍት ነው። የሚገባው ሁሉ ማያውን እያየ "አባትዎ ናቸው? ነፍስ ይማር" ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ፤ ምን ልበል?

ጠዋት ጠዋት ይታይሽ ሳትደርስ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ድንጋዩን በሩ ሥር አስጠጋለሁ፣ ኮምፒውተሩን አበራለሁ፣ እሳቸው ያን ያልጨረሱትን ፈገግታ ይዘው ቀና ብለው ያዩኛል። ዓይናቸውን ችዬ ማየት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም እንዳይሰማኝ፣ "ስምንት ነው አባቴ፤ ልክ ነው" እላቸዋለሁ።